የ13 ቀን ልጃችን ጡት አልይዝ አለ፣ እጁም ይንቀጠቀጣል፤ ከጀርባው ፈሳሽ እንውሰድ ብለውናል፣ እንፍቀድ?

አዲስ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ። ከሆስፒታል ኮሪደር ሆኜ በስልክ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ቀኑን ጠብቆ፣ በምጥ፣ 3 ኪሎ ሆኖ ነው የተወለደው። ምንም ችግር አልነበረም፣ በማግስቱ ቤት ገባን። ጡት አያያዙ ደስ የሚል ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ሁለት ሦስቴ ስቦ ይተወዋል፣ ይተኛል፣ ብንቀሰቅሰውም መልሶ እንቅልፍ ይወስደዋል። እናቴ ብርድ ነው አለች፣ ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው አሉ። ትኩሳት ስለሌለው እኛም ያን ያህል አልደነገጥንም። ትናንት ማታ ቀኝ እጁ በምት ብድግ ብድግ ማለት ጀመረ፣ አፉ ባዶውን እንደሚጠባ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑም ወደ አንድ ጎን ሄዶ ይቀራል። ይዘነው ሮጥን።

እዚህ ስኳሩን ለክተው ደህና ነው አሉ። ኦክስጅን አደረጉለት፣ በደም ስሩ አንቲባዮቲክ ጀመሩ፣ ለእንቅጥቅጡ ፊኖባርቢታል ሰጡት። አሁን ዶክተሯ "ኢንፌክሽኑ አንጎሉ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስም ሊሆን ስለሚችል ከጀርባው ፈሳሽ እንውሰድ፣ ፈርሙ" አለችን። እናቴ በፍጹም አይሆንም አለች። ከጀርባው ተወግቶ ሽባ ሆኖ የቀረ ልጅ አውቃለሁ ትላለች። ባለቤቴ ገና አራስ ናት፣ ከማልቀስ በቀር የምትለው የላትም። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።

ሌላ ነገር አለ። ታናሽ እህቴ ልጁ በተወለደ በአራተኛው ቀን ልትጠይቀን ስትመጣ ከንፈሯ ላይ ምች ወጥቶባት ነበር። አቅፋው ሳመችው። ዶክተሯ "ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ስሞታል?" ብላ ስትጠይቅ ሁላችንም እህቴን ዞረን አየናት። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ምች ከአንጎል ጋር ምን ያገናኘዋል? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሲስተር ከሐዋሳ

ወንድሜ ፈርም። አሁኑኑ ፈርም፣ የቀረውን ከፈረምክ በኋላ ታነበዋለህ።

የምሠራው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። እናትህ የሚሉትን ከብዙ አያቶች ሰምቼዋለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ከጀርባው ፈሳሽ የሚወሰድለት ሕፃን ሲጀመርም በጠና የታመመ ነው። በሽታው ሲጎዳው ወይም ሲገድለው ቤተሰቡ የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። መርፌው የሚገባው ወገቡ ታች ላይ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ ከዚያ ከፍ ብሎ ያልቃል። እዚያ ያለው ፈሳሽና ቀጫጭን ነርቮች ናቸው። የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ ሲሆን ሰውነቱ ወዲያው ይተካዋል። ሕፃኑን በጎኑ አስተኝተን ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፈን እንይዘዋለን። ዋናው ጭንቀታችን ሲታጠፍ ትንፋሹ እንዳይቸገር ነው። ትንፋሹ በጣም ከደከመ ወይም ደሙ የማይረጋ ከሆነ ሐኪሟ ራሷ ታቆየዋለች፣ መድኃኒቱን ግን ትጀምራለች።

ለእናትህ እንዲህ በላቸው፦ "እማዬ፣ ይህ ፈሳሽ ካልታየ የሚታከመው በግምት ነው።" ብዙ ጊዜ እኔ ሄጄ አያቶችን ለብቻ ቁጭ አድርጌ አስረዳለሁ፤ ይሰማሉ። እዚያም ያለችውን ነርስ ለምናት፣ ታነጋግርልሃለች።

አንድ ነገር ግን ጠይቅ። የጀመሩለት መድኃኒት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ብቻ ከሆነ እነዚህ ለባክቴሪያ ናቸው፣ ቫይረስ ላይ አይሠሩም። የቫይረሱን መድኃኒት፣ "አሲክሎቪር ይጀመርለት ወይ?" በል። ዶክተሯ የከንፈር ቁስል መጠየቋ ራሱ እያሰበችበት መሆኑን ያሳያል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም ልንገር፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሕፃን ዘግይቶ ነው የሚደርሰን። ጨቅላ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው አረፋ ደፍቆ ወድቆ አይደለም የሚንቀጠቀጠው። ባዶ አፉን ያላምጣል፣ እግሩን ብስክሌት እንደሚነዳ ያንቀሳቅሳል፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ይተከላል፣ ወይም ለአፍታ ትንፋሹ ቆሞ ይጠቁራል። ደህና ሕፃንም አንዳንዴ ሲነኩት ወይም ሲደነግጥ ይርገበገባል። እጁን ቀስ ብላችሁ ያዙት፤ ስትይዙት የሚቆም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ይዛችሁትም በእጃችሁ ውስጥ ምቱ ከቀጠለ ግን ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

የሜሪላንድ እናት

አይዞህ ወንድሜ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፣ የኔም ልጅ ሁለተኛ ሳምንቷ ላይ ልክ እንደዚህ ነው የጀመራት። ትኩሳት አልነበራትም። ገላዋ ላይ አንዲት ውሃ የቋጠረች ነገር አልነበረችም። ዝም ብላ መተኛት አበዛች፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ የምትወድ ልጅ ሰጠኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ግራ እግሯ መዝለል ጀመረ።

ድንገተኛ ክፍል እንደገባን ፈሳሹን ወሰዱ፤ ውጤት ሳይጠብቁ አሲክሎቪሩን በዚያው ሌሊት ሰቀሉላት። ከቀናት በኋላ ነው ፒሲአር የሚሉት የቫይረስ ምርመራ ሄርፐስ (ምች የሚያስወጣው ቫይረስ) ብሎ የመጣው። ሐኪሞቹ ያኔ የነገሩኝ እስካሁን ይሰማኛል፤ ውጤቱን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ ሌላ ልጅ ይዘሽ ነበር የምትሄጂው አሉኝ።

ስለ እህትህ ደግሞ ልቤ ተነካ። እባክህ ሂድና እቀፋት። እኛ ቤት ማንም ምች የወጣበት ሰው አልነበረም፣ እኔም በሕይወቴ ብልቴ ላይም ከንፈሬ ላይም ቁስል ወጥቶብኝ አያውቅም። ግን በደሜ ውስጥ ተገኘ። ብዙ እናቶች እንዲህ ናቸው አሉኝ፤ ቫይረሱን ይዘው ምንም ምልክት የላቸውም፣ በወሊድ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ከእህትህ ይሁን ከሌላ፣ ዛሬ ማን እንዳመጣው መፈለግ ለልጁ የሚጨምርለት ነገር የለም። ለዶክተሯ እውነቱን መናገራችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ያ ነው ወደ ትክክለኛው መድኃኒት የሚመራት።

የመንዝ ልጅ

ሁላችሁም ምች ምች ትላላችሁ፣ ምች እኮ ፀሐይ የሚያመጣው ነው። ትኩስ ነገር በልተህ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ይመታሃል። አያቴ በዳማ ከሴ ስንቱን አድናለች። ልጁ በዚህ ታመመ ማለት ልጅቷን ያለ ጥፋቷ መክሰስ ነው። ደግሞ ሁላችንም ምች ያለበት ሰው እየሳመን አይደል ያደግነው?

የሕፃናት ሐኪም ነኝ

የመንዝ ልጅ፣ ለልጅቷ ማዘንህን እወደዋለሁ፤ ያልከውም ከአየር የመጣ አይደለም። ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም ምችን ያስወጡታል። የሚያስወጡት ግን አስቀድሞ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠውን ሄርፐስ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፣ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል፣ አልፎ አልፎ ከንፈሩ ላይ ውሃ ቋጥሮ ይወጣና ይደርቃል። ለአንተና ለእኔ ከዚያ ያለፈ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ዳማ ከሴው የአዋቂውን ሕመም ቢያስታግስም ቫይረሱን ከቁስሉ አያጠፋውም፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ይተላለፋል።

ሁላችንም እየተሳምን ነው ያደግነው ላልከው፣ ልዩነቱ ዕድሜው ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ያለ ሕፃን የራሱ መከላከያ ገና አልጠናም። ተበድሮ የሚኖረው ከእናቱ በእትብቱ ባገኘው ነው። እናት ቫይረሱ ከቆየባት ለልጇ መከላከያውን አስቀድማ አቀብላዋለች፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ የሚተርፉት። እናት ቫይረሱን በእርግዝናዋ መጨረሻ አዲስ ከያዘች ወይም ጨርሶ ከሌለባት ግን ልጁ ባዶ እጁን ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃንም እንደዚሁ፣ ምክንያቱም ያ መከላከያ በብዛት የሚተላለፈው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው።

አዲስ አባት፣ ሲስተር እንዳለችህ ፈርም። ለምን እንደምንቸኩል ልንገርህ። ሄርፐስ ጨቅላ ሕፃንን በሦስት መልክ ያጠቃዋል። አንዱ ቆዳ፣ ዓይንና አፍ ላይ የሚቀረው ነው። ሌላው ጉበትና ሳንባን ጨምሮ ሰውነቱን ሁሉ የሚያዳርሰው ነው፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ አልፎ ይመጣል። ሦስተኛው አንጎል ላይ የሚያርፈው ነው፣ ከአጠቃላዩ ሲሦ ያህሉ ነው፣ የሚታየውም በብዛት በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው። የልጅህ ዕድሜ እዚያው ላይ ነው። ትኩሳት የለውም ብላችሁ አትጽናኑ፤ ላይኖር ይችላል፣ እንዲያውም አንዳንዱ ሕፃን ይቀዘቅዛል። ቆዳው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ፈልጋችሁ ብታጡም አይገርምም፤ አንጎላቸው ከተያዘ ሕፃናት ከሦስት አንዱ ገደማ ምንም አይወጣባቸውም።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከ100 ሕፃናት 85ቱ ገደማ የሚያዙት በወሊድ ሰዓት ከእናታቸው ነው። ከተወለዱ በኋላ ከሰው የሚያዙት 10 ያህል ናቸው፣ የቀሩት ማህፀን ውስጥ ሳሉ። ስለዚህ ከአክስቱ መጣ ብሎ ዛሬ መደምደም አይቻልም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሕክምናው አንድ ነው።

ያልታከመ የአንጎል ሄርፐስ ከያዛቸው ጨቅላ ሕፃናት ግማሽ ያህሉን ይገድላል። በሙሉ መጠን አሲክሎቪር ከታከሙ ከ10 ከመቶ በታች ነው የሚሞቱት። ከሚተርፉት ብዙዎቹ ግን ጉዳት ይዘው ይቀራሉ። ጉዳቱ የሚወሰነው በአብዛኛው መድኃኒቱ ሲጀመር ሕፃኑ በነበረበት ሁኔታ ነው። ነቅቶ እያለ የተጀመረለትና ራሱን ከሳተ በኋላ የተጀመረለት እኩል አይደሉም። ይህን የምነግርህ ላስጨንቅህ ሳይሆን ዛሬ ሰዓት ዋጋ እንዳለው እንድታውቅ ነው።

አዲስ አባት

ፈርሜያለሁ። ነርሷ እናቴን ወስዳ አነጋገረችልኝ፤ ስትመለስ "እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይሁን" አለች። ደቂቃ አልወሰደም ማለት ይቻላል። አለቀሰ፣ ቦታው ላይ ፕላስተር ለጠፉበት፣ አለቀ።

ፈሳሹ ውስጥ ነጭ የደም ሴልና ፕሮቲን ከፍ ብሎ ታይቷል አሉ፣ ባክቴሪያ ግን በማይክሮስኮፕ አልታየም። ለፒሲአር ከዚህ ውጪ ወዳለ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ቀናት ይወስዳል። አሲክሎቪር አዝዛለች። ችግሩ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ አልቋል። ሰፈር ለሰፈር ስዞር አንዱ ፋርማሲ "መርፌው የለንም፣ ሽሮፑ ግን አለ፣ ያው ነው" አለኝ። ሌላው ደግሞ ቅባት አሳየኝ። ያው ነው እንዴ? ዶክተር፣ እርስዎ ካሉ ይመልሱልኝ።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ

ያው አይደለም። በአፍ የሚወሰደው አብዛኛው ሳይመጠጥ ያልፋል፣ አንጎል የሚደርሰው መጠን ለዚህ በሽታ አይበቃም። ቅባቱ ለከንፈር ነው። አሁን ልጅህ የሚያስፈልገው በደም ስር የሚሰጠው ብቻ ነው። መጠኑ በኪሎ 20 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ነው፤ 3 ኪሎ ለሆነ ሕፃን በአንድ ጊዜ 60 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህን የምነግርህ ስንት ብልቃጥ እንደምትፈልግ እንድታሰላ እንጂ መጠኑን የምትወስነው ሐኪሟ ናት። አንጎል ላይ ከሆነ ሕክምናው 21 ቀን ነው፤ ስለዚህ ለዛሬ ብቻ አትፈልግ፣ መሀል ላይ እንዳይቋረጥ ከአሁኑ ዘመድ አሰማራ። ትልልቅ ሆስፒታሎች አጠገብ ያሉ ፋርማሲዎችን፣ የቀይ መስቀልና የከነማ ፋርማሲዎችን ጠይቅ። ዶክተሯም ሌላ ሆስፒታል ደውላ ልታስልክልህ ትችላለች፣ ጠይቃት፤ እኛ እርስ በርስ እንዲህ እየተበዳደርን ነው የምንሠራው።

ሲሰጠው አንድ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ኩላሊት ላይ ሊረጋ ስለሚችል ፈሳሽ በደንብ ማግኘት አለበት። ሽንቱን ቁጠሩ፣ ዳይፐሩ ለብዙ ሰዓት ደረቅ ከሆነ ለነርሷ ንገሩ። የኩላሊት ምርመራና የደም ቆጠራ በየጊዜው ይሠሩለታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፒሲአሩ "የለም" ብሎ ቢመጣ ወዲያው መድኃኒቱ ይቁም አትበሉ። በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት የተወሰደ ፈሳሽ ላይ ቫይረሱ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ምልክቱ ይህን ያህል የሚያጠራጥር ከሆነ ሐኪሞች ፈሳሹን ደግመው ይወስዳሉ። አንቲባዮቲኩም የባክቴሪያ ካልቸር (ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት እስኪመጣ አብሮ ይቀጥላል፤ ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ አድርገን ነው የምንጀምረው።

የሦስት ልጆች እናት

ይቅርታ መሀል ስገባ። የኔን ትንሽ ልጅ በሦስተኛ ሳምንቱ በቫይረስ የመጣ ሜኒንጃይትስ (የአንጎል ሽፋን ሕመም) ነው ብለውን ነበር። ይህን ሁሉ አላደረጉለትም፣ ጥቂት ቀን አስተኝተው አንቲባዮቲኩንም አቁመው ሰደዱን። አሁን ደህና ነው። ግን ስታወሩ ፈራሁ። በትክክል አልታከመልኝም ማለት ነው?

የሕፃናት ሐኪም ነኝ

አይደለም እህቴ፣ አትፍሪ። አንጎልና ሽፋኑን የሚያጠቁ ቫይረሶች ብዙ ናቸው። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ከሁሉ በላይ የምናየው ኢንትሮቫይረስ የሚባለው ነው። አዋቂንና ትልልቅ ልጆችን ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ያስይዛል፣ ትንሹ ላይ ሲደርስ ትኩሳትና መነጫነጭ ያመጣል፣ ፈሳሹ ላይ ይገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ያልፋል። የተለየ መድኃኒት የለውም። የአንቺ ልጅ ይህ ሳይሆን አይቀርም። አልፎ አልፎ ግን፣ በተለይ እናት በወሊድ ሰሞን ታማ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተያዘ፣ ልብና ጉበትን ይጎዳል። በ2022 እና 2023 ፈረንሳይ ውስጥና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ኢኮቫይረስ 11 የተባለው ዓይነት ጨቅላ ሕፃናትን ገድሏል።

ፓሬኮቫይረስ የሚባልም አለ። እሱ አስቸጋሪ ነው፣ ፈሳሹ ላይ ሴሉ ሳይጨምር ሊመጣ ይችላል፤ ሕፃኑ በኃይል ይነጫነጫል፣ እጅና እግሩ ሊቀላ ይችላል፣ ጉዳቱ የሚታየው በኤምአርአይ ነው። ሳይቶሜጋሎቫይረስ ደግሞ ከማህፀን ጀምሮ የሚይዝ ነው። ከያዛቸው 10 ሕፃናት 9ኙ ሲወለዱ ምንም አይታይባቸውም፣ የተወሰኑት ግን እያደጉ ጆሯቸው ይደክማል። ከማህፀን የመጣ መሆኑን ለማወቅ ሽንቱ ወይም ምራቁ መመርመር ያለበት በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በኋላ ከጡት ይምጣ ከማህፀን መለየት ያስቸግራል። በጨቅላነቱ በጠና የታመመ ልጅ ሁሉ የጆሮ ምርመራ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፣ የአንቺንም ልጅ አስመርምሪው።

ከእነዚህ ሁሉ በሰዓታት ውስጥ መድኃኒት ተጀምሮለት ትልቅ ለውጥ የሚታየው ሄርፐስ ላይ ነው። ለዚህ ነው ጥርጣሬ ካለ ሳንጠብቅ የምንጀምረው። ሄርፐስ ካልሆነ ይቆማል፣ ብዙ የሚጎዳው ነገር የለም።

ስም አይጠቀስ

እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የብልት ሄርፐስ አለብኝ፣ ከጋብቻዬ በፊት የያዘኝ ነው፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ይወጣብኛል። ለክትትል ሐኪሜ አልነገርኩም፣ ባለቤቴም አብሮኝ ስለሚገባ አፈርኩ። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ሲስተር ከሐዋሳ

የኔ እህት፣ ጥሩ አድርገሽ ጻፍሽ። መጀመሪያ የሚያጽናናሽን ልንገርሽ፤ የቆየ ሄርፐስ ያለባት እናት ልጇን የማስያዟ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፣ ከ100 ከ2 በታች። ትልቁ አደጋ በመጨረሻዎቹ ወራት አዲስ የተያዘች እናት ላይ ነው። አንቺ ለልጅሽ መከላከያውን እያቀበልሽው ነው።

ቢሆንም ንገሪያቸው። ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አሲክሎቪር በኪኒን ይሰጥሻል፣ ቁስሉ በወሊድ ሰሞን እንዳይወጣ ያደርጋል። ምጥ ሲጀምር ቁስል ካለ ወይም ሊወጣ ሲል የሚሰማሽ ማቃጠል ካለ በኦፕራሲዮን ትወልጂያለሽ። ከሌለ በምጥ መውለድ ትችያለሽ። ለሐኪሙ ብቻሽን መንገር ከፈለግሽ በክትትል ቀን "ለብቻዬ የምጠይቀው አለኝ" በይ፤ ባለቤትን ውጭ ማስጠበቅ ለእኛ የተለመደ ነገር ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። እንዳትተዪው።

የመንዝ ልጅ

ዶክተር ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ሚስቴ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፣ ቤታችን ደግሞ ሰው የሚበዛበት ነው። አራስ ልጠይቅ ብሎ ጠላና ድፎ ይዞ የመጣን ሰው ልጄን አትሳም ብሎ መመለስ እንዴት ይሆናል? ይቀየሙናል።

የሜሪላንድ እናት

እኔ ከልጄ በኋላ ለወለዱ ዘመዶቼ ሁሉ ይህን ነው የምለው። ይምጡ፣ ይብሉ፣ ይመርቁ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይበሉ። ልጁን ግን አራስ ቤቱ እስኪያልፍ ከእናቱና ከአባቱ በቀር ማንም ፊቱን አይስመው። ክርስትናው እስኪደርስ ሐኪም ከልክሎናል በላቸው፤ በሐኪም ስም ሲሆን ማንም አይቀየምም። እጅ ታጥቦ ማቀፍ ይቻላል። ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት፣ ጣቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያለበት፣ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው ግን ጨርሶ አያቅፈው፣ አያቱም ብትሆን። ምች የወጣባት እናትየው ራሷ ከሆነች ማስክ አድርጋ፣ እጇን እየታጠበች ጡት ታጥባው፣ ሳትስመው፤ ጡት ማጥባቷን አትተው። ጡቷ ላይ ቁስል ካለ ብቻ በዚያ በኩል አታጥባው።

አዋላጇ ወይም ሞግዚቷ ጣቷን አፉ ውስጥ ከትታ ቅቤ የምታልስ ከሆነም አስቁሙ። ጡት ይበቃዋል።

አዲስ አባት

ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ እዚህ ቀንና ሌሊቱ ተደባልቆብኛል። መድኃኒቱ በዚያው ቀን ማታ ተገኘ፣ የባለቤቴ ወንድም ነው ከተማውን አካልሎ ያገኘው። ውጤቱም መጣ፤ ሄርፐስ ዓይነት 1 ነው። እንቅጥቅጡ ከሦስተኛው ቀን በኋላ አልታየም። ዛሬ ጠዋት በራሱ ዓይኑን ገልጦ ጡት ያዘ፣ ብዙ ባይቆይም ይዟል። ባለቤቴ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

እህቴን አነጋገርኳት። የባለቤቴም ደም ተመርምሮ ቫይረሱ እንዳለባት ታውቋል፣ ከማን እንደመጣ መለየት አይቻልም አሉን፣ እሱን ነገር ዘግተነዋል። አሁን ሌሊት ሌሊት ከልጁ ጋር የምታድረው እህቴ ናት።

ዶክተር፣ ከዚህ በኋላ ምን ይጠብቀናል? ያያል? ይሰማል? ትምህርት ይገባዋል? እዚህ ያሉት ሥራ ስለሚበዛባቸው ሁሉንም ለመጠየቅ እሳቀቃለሁ።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ጡት መያዙ ጥሩ ምልክት ነው። ለመጠየቅ ግን አትሳቀቅ፣ ጥያቄዎችህን በወረቀት ጽፈህ ጠዋት ዙር ላይ አንብብላቸው።

21ኛው ቀን ሲቃረብ ፈሳሹ ደግሞ ይወሰዳል። ይህን ማንም "ተሽሎት የለ ወይ" ብሎ አያስቀርባችሁ። ቫይረሱ ያኔም ፈሳሹ ውስጥ ካለ መድኃኒቱ በደም ስር ይቀጥላል፣ እስኪጠፋ። ከጠፋ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ፣ ግን መድኃኒት አላለቀም። ለ6 ወር አሲክሎቪር በአፍ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳል። ያኔ ነው ሽሮፑ ቦታ የሚኖረው። በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አንጎላቸው ተይዞ ከዳኑ በኋላ ይህን የ6 ወር መድኃኒት የወሰዱ ልጆች ዓመት ሲሞላቸው የአእምሮ እድገታቸው ካልወሰዱት በግልጽ የተሻለ ነበር። መጠኑ ከሰውነቱ ጋር ስለሚሄድ በየወሩ ተመዝኖ መስተካከል አለበት። እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ይህ ነው፣ ልጁ እጥፍ አድጎ መድኃኒቱ የተወለደ ጊዜ እንደነበረው ይቀራል። ነጭ የደም ሴሉን ሊቀንስ ስለሚችል የደም ምርመራም በየጊዜው አለ።

ያያል ወይ፣ ይሰማል ወይ ላልከው ከመውጣታችሁ በፊት ዓይኑን የዓይን ሐኪም ይየው፣ ጆሮው ይመርመር። ኤምአርአይ ማግኘት ከቻላችሁ አሠሩለት። ካልተገኘ በእርግብግቢቱ በኩል የሚሠራው አልትራሳውንድ የተወሰነ ነገር ያሳያል፣ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሆኖ ቢታይ ግን ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም። የጭንቅላቱን ዙሪያ በየወሩ አስለኩና ካርዱ ላይ አስጽፉ።

ትምህርት ይገባዋል ወይ ለሚለው ዛሬ የሚመልስልህ ሐኪም የለም። እኔ የማውቃቸው አሉ፣ ሙሉ በሙሉ ደህና ሆነው ትምህርት ቤት የገቡ። አንድ ጎናቸው የደከመ፣ ዘግይተው የተናገሩ፣ የሚጥል በሽታ ይዞ የቀረባቸውም አሉ። በሦስት ወሩ አንገቱን ሲያነሳ፣ በስምንትና በዘጠኝ ወሩ ሲቀመጥ፣ እጆቹን እኩል ሲጠቀም ተከታተሉ። ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚያስቀድም ከሆነ "ግራኝ ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ ፊዚዮቴራፒ ቶሎ ይጀመርለት። ክትባቱን በሰዓቱ ስጡት፣ ይህ በሽታ ክትባት አያስቀርም።

ቆዳው ላይ፣ በተለይ ጭንቅላቱና ፊቱ ላይ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር እንደገና ሊወጣ ይችላል። ያን ቀን ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጡት። ትኩሳት፣ ጡት እምቢ ማለት ወይም እንቅጥቅጥ ከተመለሰም እንደዚያው፤ የመውጫ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ለሚያገኛችሁ ተረኛ ሐኪም የመጀመሪያ ቃላችሁ "የአንጎል ሄርፐስ ነበረበት" ይሁን።